አንሶላው የሚሰጣበት ሰገነት

ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ምርቃቱን ያስቀደምኩት ኋላ ስለማይወጣልኝ ነው።

በቤታችን አናት ለሚያልፈው የመብራት መስመር ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚሸከም አስልተህ የላክኸው አዲሱ የጭነት ገደብ እኔ ወደምሠራበት የመብራት ኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ሲደርስ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብዬ ነበር። ለካ ያሰላኸው በምትኖርበት አገር ብርድ ነው! እዚህ በጠራራ ፀሐይ ጭነቱ ሲጨመር ሽቦው ግሎ ወደ ሰገነታችን ረገበ። ሰገነት ላይ አንሶላ የምታሰጣው እህትህ ፀጉሯ ቆሞ እየጮኸች ደወለችልኝ። መስመሩን አቋረጥኩት፤ ከተማው ሁሉ መብራት አጣ። አለቃዬ ተቆጣ፤ ይቆጣ! ገደቡንም ወደ ድሮው መለስኩት።

አባትህ «ተሳስቶ ነው፣ ተይው» ይላል። እሱ ምን አለበት፣ አንሶላ አያሰጣ!

ፈጣሪ ይጠብቅህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ለበጋው ና። ገደቤ ልክ ነው ካልክ ያንተኑ ገደብ መልሼ አስገባልሃለሁ፤ አንሶላውን ግን እኩለ ቀን ላይ የምታሰጣው አንተ ነህ።

እናትህ