ደረቅ ጉዝጓዝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ከሆሳዕና ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ትርፊትስ? ልጆቹን ጉንፋኑ ለቀቃቸው? የዶዮገና ብርድ በዚህ ወር እንደሚከፋ አውቃለሁ። ዶሮዎችህስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ስለ እናታችን መጨረሻ ላይ እጽፍልሃለሁ።

አሥራ ሁለቱን ኬሻ ሰጋቱራ ሚክያስ በአይሱዙው ያደርስልሃል። ደብዳቤውን የአንደኛው ኬሻ አፍ ላይ ሰፍቼዋለሁ፤ ለማንጠፍ ስትፈታው ታገኘዋለህ። ሰጋቱራውን ከአናጺዎቹ ቤት ራሴ ነፍቼ ነው ያስጫንኩት። ደቃቁን ጥዬዋለሁ፤ ጫጩት መኖ መስሎት ይለቅመዋል። ቀለም የነካውንም አውጥቻለሁ። ገለባ ልቀላቅል ካልክ የስንዴውን አሳጥረህ ቁረጥ፤ ዝናብ ያገኘውን ግን አታስገባ፣ ሻጋታው ሳንባቸውን ይይዛል። ከመሳላ በዓል ወዲህም መላኬን ያላቋረጥኩት ዶሮዎቹ ምን አጠፉ ብዬ ነው።

ይህን ሁሉ ታውቀዋለህ። ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የተማርኩት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት የግብርና ወረቀት ነው፤ የደረሰኝም ገጽ ስድስትና ገጽ ዘጠኝ ብቻ ነበር። ገጽ ስድስት እንዲህ ይላል፦ ጉዝጓዙን በእጅህ አፍሰህ ጨብጥ። ስትለቀው ከተበተነ ደህና ነው። ተጣብቆ ከቀረ ርሷል፣ ዛሬውኑ አውጣው። በዶሮዋ ቁመት ልክ ተንበርክከህ አሽትት፤ ዓይንህን ካቃጠለህ ዘግይተሃል።

ጎበዝ ተማሪ ነበርክ። በየጠዋቱ ትጨብጣለህ፣ ታገላብጣለህ፣ ኖራ ትነሰንሳለህ። ሰዎች የእሱ ዶሮ ቤት አይሸትም ሲሉ እኔም እኮራ ነበር።

የራሴን ጥፋት ልናገር። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን ሸጠህ ዶሮ ቤቱን ስትሠራና እናታችንን ይዘሃት ስትሄድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ያለኝ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ጊዜ ላያት መጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ ትርፊት፣ «እማማ ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት» አለችኝ። ሻይ ጠጥቼ፣ ዶሮዎቹን አይቼ ተመለስኩ። ዶሮዎቹን አየሁ፣ ወንድሜ። እሷን አላየሁም።

ለመሳላ በዓል ስመጣ ግን ማንንም ሳልጠይቅ በጓሮ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ያሳደግክበት ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ገለባ ላይ ነበር የተኛችው፤ በላዩ ኬሻ። እጄ የለመደውን አደረገ። ከሥሯ አፍሼ ጨበጥኩት። ስለቀው አልተበተነም። ተንበረከክኩ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ።

አንተ እንቁላል ሊወስዱ ከመጡ ሁለት ነጋዴዎች ጋር በሩ ላይ ቆመህ ነበር። የእናታችን ጉዝጓዝ መቼ ነው የተቀየረው ብዬ ጠየቅኩህ። ነጋዴዎቹን አየት አደረግክና፣

«እሷ እንቁላል አትጥልም» አልክ።

አንደኛው ሳቀ። አንተም ሳቅክ። ጆሮዋ ደህና እንደሆነ ረስተሃል። ከውስጥ በዚያ በቀጠነ ድምፅዋ መለሰችልህ፦

«ሁለት ጥዬ ነበር፤ አንዱ ገማብኝ።»

ያኔ ነጋዴዎቹ ሁለቱም ሳቁ። አንተ አልሳቅክም።

የዚያኑ ዕለት በሚክያስ መኪና፣ ራሷን ጭኔ ላይ አሳርፌ ይዣት መጣሁ። ምንም ሳልናገርህ በመሄዴ፣ እህቴ ጨዋ ናት እያልክ አውርተሃል አሉ።

እርጥብ ላይ የቆየች ዶሮ ደረቷና እግሯ ይቆስላል ይላል ገጽ ዘጠኝ። የእሷ ጀርባዋና ዳሌዋ ነበር። መድኃኒቱን ቀጥሎ በሚገኘው ገጽ ይመልከቱ ይላል። ገጽ አሥር የለኝም። ሐኪሙም ቁስሉን ገልጦ ካየ በኋላ፣ ከማን ቤት ነው የመጣችው ብሎ ጠየቀኝ። ከልጇ ቤት አልኩት።

ሃያ ሦስት ቀን አብረን ቆየን። አንሶላዋን ጠዋትና ማታ ቀየርኩላት። አንድ ቀን ዶሮዎቹ ደህና ናቸው ወይ አለችኝ። ደህና ናቸው አልኳት። ስለ አንተ አልጠየቀችኝም።

ትላንት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ጎህ ሳይቀድ ዶዮገና ደርሰን በሩን እናንኳኳ ብለው ተነሡ። አስቀረኋቸው። ወንድሜ በጠዋት ጉዝጓዝ ያገላብጣል፣ ሥራ አታስፈቱት አልኳቸው። ዘመዶችም እንዳይደውሉልህ ለመንኩ። ብዙዎቹ ተቆጡኝ። አንዱ ሽማግሌ፣ በዚህ ዕድሜዬ በወንድሟ ላይ እንዲህ የምትጨክን አላየሁም አሉ። እኔም እስከ መሳላ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም ነበር አልኳቸው።

አሁን ስለ እናታችን። ከአባታችን ጎን ናት። ሰዎቹ ከማውረዳቸው በፊት ጎንበስ ብዬ ከአፈሩ አፈስኩና ጨበጥኩት። ስለቀው ተበተነ። ደረቅ ነው። ከእንግዲህ መቀየር አያስፈልገውም።

ሰጋቱራውን ካፊያ ሳያገኘው አስገባ። ጌታ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። ልጆችህም ያነጠፍከውን ሁሉ አይተዋል፤ እሱ ያሳድግልህ።

የእናትህ ልጅ