ያልነካሁት ፎቶ

ይድረስ ለምወድዎት እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሰላምታዬ በፊት ጥፋቴ ይቅደም። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ወትሮው ዋናውን ነገር ሳልጽፈው ወረቀቱ እንደሚያልቅብኝ ራሴን አውቀዋለሁ። እትዬ፣ እስከ ዛሬ የላክሁልዎት የልጄ ፎቶዎች እውነተኛ አይደሉም። ሚጣ ከተወለደች ጀምሮ በግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የሚወርድ፣ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት የሚመስል ቀይ ምልክት አላት። ፎቶ ቤቱ ውስጥ በኮምፒዩተር እያጠፋሁ ስልክልዎት የኖርኩት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ጀመሩ? የጋሼስ ሳል ለቀቃቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሚጣም ዘጠኝ ዓመቷን ይዛ፣ በምላሷ ቁርጥ እናቷን ሆና፣ ቤቱንም እኔንም ታስተዳድራለች።

ነገሩ የጀመረው እናቷ ካረፈች በኋላ ነው። እርስዎ በርቀት ሆነው በአካል አይተዋት ስለማያውቁ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ልልክልዎት ስል፣ በሐዘን ላይ ሌላ ሐሳብ አልጨምርባቸውም ብዬ ጉንጯን አጸዳሁት። እርስዎ ደግሞ በስልክ "እንዴት ያለ የጠራ ፊት ነው፣ ዓይን አይብላብኝ" ሲሉኝ መመለሻው ጠፋኝ። የደንበኛ ብጉር ማጥፋት የየቀን ሥራዬ ነውና እጄ ለምዶታል። ለእርስዎ አዝኜ ነው እል ነበር። ጸሎት ላይ ስቆም ግን ፈጣሪ የሠራውን ፊት እያረምኩ መሆኔ ትዝ ይለኝና ቶሎ ብዬ ወደ ሌላ ልመና አልፋለሁ።

በቅርቡ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። እናት የሚሆኑኝ ሴት ናቸው። ምልክቱ ከቆዳዋ ሥር የሰፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች መሆኑን አስረዱኝ። ሌዘር የሚባለው ብርሃን ሥሮቹን ይዘጋቸዋል፤ ሰውነት ደግሞ የተጎዳውን ሲጠግን አዳዲስ ያበቅላል፤ ስለዚህ በየመሀሉ ያንን የሚገታ ቅባት ይቀባል። "ሁለቱ ሲጣመሩ አንዳንዱ ላይ ደህና አድርጎ ይደበዝዛል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ብዙም ለውጥ የለውም። ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ አልዋሽህም" አሉኝ። ከዕድሜዋ ጋር ምን ያህል እንደጠቆረ እንዲያዩም የድሮ ፎቶዎቿን አምጣ አሉ።

ፎቶ አንሺ ሆኜ ፎቶ የለኝም ልበል? ያለኝን ይዤ ሄድኩ። አንድ በአንድ ገልጠው አዩና "ያንተ ሌዘርማ ከእኔ ይበልጣል፣ በአንድ ቀን ጨርሶታል!" ብለው ሳቁ። አብሬያቸው ልስቅ ስል ሚጣን አየኋት። ለካ ሁሉን ታውቅ ኖሯል። "አባዬ ሁሌ ያጠፋዋል፤ ያላየሁ ይመስለዋል" አለቻቸው። ወደ እኔ ዞር ብላም "በሌዘሩም ካልጠፋስ፣ ለአክስቴ ማንን ልትልክ ነው?" አለችኝ።

የመጀመሪያው ሌዘር ተደረገላት። ጎማ ተስቦ ሲለቀቅ እንደሚመታው ነው አለች። ጉንጯ ይባስ በለዘ፤ ሐኪሟ አስቀድመው ስለነገሩን ግን አልደነገጥንም። ቆዳዋ ሲያገግም ቅባቱን ጀመርን። እጄን ታጥቤ በጣቴ ጫፍ እቀባታለሁ። "አፍንጫዬ ምን አደረገህ? ግድግዳ የምትቀባ መሰለህ እንዴ?" ትለኛለች። ያንን ጉንጭ በኮምፒዩተር ስንቴ ነካክቼዋለሁ፤ በእጄ ግን እንዲህ ዳስሼው አላውቅም ነበር። ይሞቃል። እየቀባሁ እንዲደበዝዝላት እለምናለሁ፤ የምለምነው ለእሷ ይሁን ለገዛ እፍረቴ ግን ገና አልለየሁም።

የቀድሞዎቹን ፎቶዎች ከግድግዳዎ ያውርዷቸው። ቢቆጡኝም ይገባኛል፤ ብቻ ቁጣዎ እሷ ዘንድ እንዳይደርስ አደራ።

ጋሼን በእኔ ስም እጅ ይንሱልኝ። ትልቋን ልጅዎን ለአራስነቷ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ፤ ጨቅላውንም ይሳሙልኝ። መንትዮቹን ልጆችዎን ሚጣ በፎቶ አይታ "የቱ የቱ እንደሆናችሁ አሁንም አልለይም" ብላለች።

ዛሬ ፎቶ ቤቱን ከመዝጋቴ በፊት መጋረጃው ፊት አስቀመጥኳት። ገና ካሜራውን ሳነሳ ግራ ጉንጯን ወደ ጥላው አዞረች። ለምን ብላት "ሥራ እንዳይበዛብህ ነው" አለችኝ። ዓይኔን እስክጠርግ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀጥ ብለሽ እኔን እዪኝ አልኳት፤ አየችኝ፤ አነሳኋት። ምንም ሳልነካ አትሜ፣ ለአክስቷ ማንን እንደምልክ አሳየኋትና ከዚህ ወረቀት ጋር ፖስታው ውስጥ ከተትኩት።

ታናሽ ወንድምዎ
ከፎቶ ቤቱ የውስጥ ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን