ወደ ግራ የዞረው ቅርጫት

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ በእናትሽ በረንዳ ላይ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለወይዘሪት ለምን፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ አንደበቷ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ። ፀጉሬ ሸሽቷል፣ ሆዴ መጥቷል፣ የሰፈሩን የስፌት መኪና ሁሉ እየፈታሁ ነው። አብዛኛውንም መልሼ እገጥመዋለሁ።

እናትሽ "ደውልላትና ገላግላት" ብላኝ ነበር። ነገር ግን በስልክ ከሆነ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳልደርስ "ለምን?" ትይኛለሽ፤ ሦስተኛው ላይ እንደገና። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። በዚያ ላይ መጨረሻው ላይ ያስቀመጥኩት ነገር በስልክ የሚላክ ዓይነት አይደለም። የአናጺው ልጅ ቅዳሜ ወደ እናንተ ትበራለችና ደብዳቤውን በእጅሽ ትሰጥሻለች። ጽሑፍሽ ማተሚያ ቤት የሚገባው ረቡዕ ነው ስላልሽ፣ ይደርሳል። አደራ፣ እንደ ልጅነትሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታይ።

የላክሽውን ለእናትሽ ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። መሀል ላይ "አጎቴ ከስቷልና ደህና ምግብ ይሠራለት" የሚል አንድ መስመር ጨምሬበት ነበር። ሁለት ቀን ሠርቷል። በሦስተኛው ቀን መነጽሯን አግኝታ ራሷ አነበበችው።

የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ልትከፍቱ ሦስት ሳምንት ብቻ እንደቀራችሁ፣ ከመቶ ሃያው ዕቃ መሀል ከአያትሽ ሣጥን ያወጣሽው ባለ ክዳን ቅርጫት ለብቻው የመስታወት ቤት ተሠርቶለት አዳራሹ መሀል እንደሚቀመጥ፣ ፎቶውም በየመንገዱ እንደተለጠፈ ጽፈሻል። ደስ አለን። ሰው እንደዚያ ሊያየው እንደሚሰለፍ ሳስብ ገረመኝ። እዚህ እኮ የአያትሽ የቅርጫት መሥሪያ የስልክ መሸጫ ከሆነ ቆየ፤ የቀረው አንድ ቅርጫታቸው ደግሞ የእናትሽ የልብስ መቆንጠጫ ማስቀመጫ ነው።

ከዚያ ስምንቱን ገጽ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ። አንዳንዱን ቃል ለማወቅ መዝገበ ቃላት ገልጫለሁ፤ አንዱ እዚያም አልነበረም። አያትሽ ዕድሜ ልካቸውን ሽመናውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ኖረው ይህን አንዱን ብቻ ወደ ግራ አዙረውታል ትያለሽ፤ የተሠራውም ሴት አያትሽ በሞተችበት ዓመት ስለሆነ "ጊዜን ወደ ኋላ ለመመለስ የተደረገ ዝምተኛ ሙከራ ነው" ብለሻል። ስሙንም "የሐዘን ዙር" ብለሽዋል። እናትሽ እዚህ ላይ አለቀሰች። እኔ ሳል ያዘኝ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ልጄ፣ አያትሽ አዝነዋል፤ እሱ እውነት ነው። ሐዘናቸው ግን እንደ ሌላው ነገራቸው ሁሉ ወደ ቀኝ ነበር። ያ የሐዘን ዙር አይደለም። ግራኝ ሰው የሠራው ቅርጫት ነው።

የሠራሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ያለሽበት ቁጭ በይና ልንገርሽ።

እኔ ግራኝ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ የመኪናዎቹን ብሎን ስፈታ እጄን እያየሽ ነው ያደግሽው። ቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው የቀርከሃውን ስንጥቅ በቀኙ እየሳበ ይሸምናል፤ ሽመናው ወደ ቀኝ ይዞራል። ግራኝ ከሆነ ደግሞ ወደ ግራ። ምስጢሩ ይኸው ነው። ስምንት ገጽ አይሞላም፤ ይቅርታ።

አያትሽ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቅርጫታቸው ከሩቅ እንዲታወቅ ይፈልጉ ነበር፤ ከአንድ ቤት ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚዞር ሥራ እንዲወጣ አይፈልጉም። ስለዚህ ስንጥቁን በግራ በያዝኩ ቁጥር በቀርከሃ ጫፍ ጣቴን ቸብ ያደርጉኛል። በቀኜ ሰባት ዓመት ሠራሁ። የቀኝ እጄ ቅርጫት ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ቀርከሃ ለመምረጥ አራት ቀን ወንዝ ዳር ሄዱ። ቤቱን ለእኔ ተዉት። በሄዱበት ቀን ጠዋት ደህናውን ቀርከሃ መርጬ ሰነጠቅሁ፣ ውኃ አጠጣሁት፣ በግራዬ ጀመርኩ። ስለዚያ አራት ቀን ብዙ አልጽፍልሽም። እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ እንደገባ ሰው ነበር። ሲያልቅ ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁት፤ የዘጋሁበት ድምፅ እንኳ ልክ ነበር። ማን ሠራው ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ታዲያ እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። የአያትሽን የማህተም ብረት አነሣሁ። ጫፎቿ ወደ ቀኝ የሚያዩትን ግማሽ ጨረቃ በደንብ ታውቂያታለሽ፤ የቅርጫታቸው ሁሉ ቂጥ ላይ አለች። ብረቱን አግዬ የእኔም ቅርጫት ላይ መታሁና ለነጋዴው ከተዘጋጁት አሥራ አንድ ቅርጫቶች መሀል ሸጎጥኩት። ካላወቁት ልስቅባቸው ነው። ካወቁት ደግሞ ምን እንደምፈልግ ያኔም አላወቅሁም።

መጡ። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳበሱ። ሰባተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ፣ አዞሩት፣ አውራ ጣታቸውን ጎኑ ላይ ሄድ አደረጉ፣ ገልብጠው ማህተሙን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ የተጠረገ ወለል በከፍተኛ ትጋት እየጠረግሁ ነበር።

"ይሄ ገበያ አይወጣም" አሉ። ለብቻው አስቀመጡትና አሥራ አንዱን ይዘው ወጡ።

በእኛ ቤት "ገበያ አይወጣም" የሚባለው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቂጡ የተጣመመ፣ አፉ የጠበበ፣ ዶሮ እንቁላል እንድትጥልበት የሚጣል ቅርጫት ነው። መጥረጊያውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። በሳምንቱ የስፌት መኪና ጠጋኙ ዘንድ ገባሁ። መኪና ደግ ነው፤ ግራኝ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። አያትሽ ተመለስ አላሉኝም፤ እኔም ቅርጫቱ የት ደረሰ አላልኩም። ከዚያ በኋላ ራት አብረን ስንበላ ስለ አየሩ እናወራለን። ስለ አየር ያን ያህል የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በሰፈሩ አልነበሩም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሣጥኑን ስትከፍቺ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። በክት ኮታቸው ጠቅልለው ካስቀመጡበት ከታች አወጣሽው። ወዲያው አወቅሁት። ልናገር አፌን ስከፍት "አጎቴ፣ የአያቴ ምርጥ ሥራ ይሄ ነው" አልሽ። እንዲህ ያለ ነገር ስጠብቅ ዐርባ ዓመት አልፎኛል። ትንሽ ልስማው ብዬ ዝም አልኩ። አንቺም ደጋገምሽው፣ እኔም ሰማሁ፣ ሻንጣሽ ተዘጋ፣ ሄድሽ። ጥፋቴ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ "ስለ ግራው ዙር አያቴ ያሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፍልኝ" ትይኛለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጽፌልሽ ነበር። "አባቴ ቅርጫቱን ወደ ግራ እያዞሩ፣ ሰዓቱም እንዲህ ቢዞርልኝ ሲሉ ሰምቻለሁ" የምትል። ቆንጆ ውሸት ናት፤ በውሸት ልምድ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። አለቆችሽ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው። ፖስተሩም ተለጥፏል። ፖስታውን ልዘጋ ስል ሁለተኛ ጥያቄሽን አየሁት፤ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፦ "ሌሎቹ ላይ አንድ ማህተም ብቻ ሲኖር እዚህኛው ላይ ለምን ሁለት ሆነ? አንዱ ጨረቃ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ነው።"

እኔ የመታሁት አንድ ነው።

መስመሩን አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ እያጠፈች ነበር።

"እትዬ፣ እዚያ ቅርጫት ላይ ሁለተኛውን ማህተም ማን መታው?"

ቀና እንኳ ሳትል "አባባ ናቸዋ" አለች። "አንተ መጥረጊያ ጥለህ የወጣህ ቀን። ከገበያ ሲመለሱ እሳቱን ያቀጣጠልኩላቸው እኔ ነኝ። ብረቱን ገልብጠው መቱት። ‘ይሄኛው የሱ ነው’ አሉ።"

"ገበያ አይወጣም ብለውኝ ነበር እኮ።"

"አዎ" አለች፣ አሁን ቀና ብላ። "ታዲያ የልጃቸውን ሥራ ሊሸጡት ኖሯል እንዴ?"

ከመሥሪያው በር በላይ ሰቅለውት እንደነበር የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓመት ሙሉ፣ ቂጡን ወደ መንገድ አዙረው፣ ሁለቱ ጨረቃ እንዲታይ። እኔ ያን ዓመት በዚያ በር አላለፍኩም። ወደ ሥራ ስሄድ በላይኛው መንገድ ዞሬ ነበር የምሄደው። የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ ነው እያልኩ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። "‘አትንገሪው፣ ይኮራብናል፤ ራሱ ይየው’ አሉኛ" አለች።

"ከሞቱ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ።"

"ታዲያ ቃላቸውን መቼ አነሡ?"

ብላ የአንሶላውን አንድ ጫፍ አስያዘችኝ። አንሶላ አጠፍን።

ስለዚህ ያቺን ውሸት ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት፤ ይህን ጻፍኩልሽ። ለአለቆችሽ ጥፋቱ የአጎቴ ነው በያቸው፤ ይህንን ገጽ አሳዪያቸው። የሽማግሌ ቃል አንሰማም ካሉ እጄን ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ። ስምንቱን ገጽ ግን አትቅደጂው። ቅርጫቱ ውስጥ ዝምታ አለ ማለትሽ ልክ ነው፤ የተሳሳትሽው የማን እንደሆነ ላይ ነው። ሁለተኛውን ማህተም አይተሽ የጠየቅሽውም አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ልሠራው፣ እናትሽ ልትጠብቀው፣ አንቺ ደግሞ "ለምን?" ብለሽ ልትገለብጪው ተወልደናል መሰለኝ።

ከቅርጫቱ አጠገብ በሚቆመው ካርድ ላይ የአያትሽን ስም አትጻፊ። እንዲህ ብቻ በይ፦ "የሠራው ልጅ፤ ያወቁለት አባት።" አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። ቅርጫቱን መስታወት ቤት ውስጥ ቂጡን ወደ ሰው አዙረሽ አስቀምጪው። ገልብጠው አስቀመጡት፣ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን አያውቁም የሚል አይጠፋም። ይበል። ቀድሞም ከበር በላይ የተሰቀለው እንዲያ ሆኖ ነው። ዝም ብሎ በዚያ የሚያልፍ አንድ ሞኝ ይኖር ይሆናል።

ሌላ ወሬ የለም። ማለቴ፣ ትንሽ አለ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በእናትሽ የልብስ በርሜል ውስጥ ቀርከሃ ዘፍዝፌአለሁ። ልብሷን የት እንደምታጥብ ጠይቃኛለች። የስልክ ሻጩ በአጥር አሻግሮ "ጋሼ፣ ምን ሊሠሩ ነው?" ሲለኝ፣ ለእናትሽ መቆንጠጫ ማስቀመጫ ነው አልኩት። እሁድ የመጀመሪያውን ቂጥ ጨረስኩ። ጣቶቼ ደርቀዋል፤ ቂጡም ተጣመመ። ገበያ አይወጣም፤ በመጀመሪያው ትርጉሙ። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ጀምሬአለሁ። ይኼኛው ይሻላል። ስትመጪ ታዪዋለሽ፤ የምትመጪው ደግሞ ዘንድሮ ነው፣ እናትሽ አልጠየቀችሽም፣ እኔም አልጠየቅሁሽም፣ ዝም ብለሽ ነይ።

ዓይንሽ አይድከም፤ እጅሽ የያዘው ይባረክ። የምትጠይቂው አይለቅብሽ፤ የሚመልስልሽ ሰውም አይጥፋ። እናትሽ ከአንገትሽ ላይ እቅፍ አድርጋ ትስምሻለች፤ ሹራብ ልበሽ ብላለች።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ቀዳዳ ስህተት ነው። የአያትሽ የማህተም ብረት በጣም ግሎ ነበር፤ እናትሽም ቤቱን ልታቃጥለው ነው እያለች ውኃ ይዛ ቆማለች። ብረቱን ዛሬ ከመሳቢያዋ አውጥታ እጄ ላይ ያስቀመጠችልኝ ራሷ ናት።

ከስሜ በታች ወረቀቱ የተቃጠለው ግን በስህተት አይደለም። የጨረቃዋ ጫፎች ወደ የት እንደሚያዩ ተመልከቺ።

አጎትሽ