ዝምታቸው አክብሮት መስሎኝ

ይድረስ ለልጄ ለእህተማርያም፣ ካለሽበት ከሐዋሳ።

እንዴት ከርመሻል ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽ ምንይችልስ፣ ያ ወገቡ ተሻለው ወይስ ዛሬም ጎንበስ ሲል ይይዘዋል? ዮርዳኖስ ትምህርቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች? ትንሿ ሃናስ ጥርስ አወጣች? የሐይቅ ንፋስ ለሕፃን አይሆንም ይላሉና ራሷን ሸፍኝላት። እኛ እግዜር ይመስገን አለን። እናትሽ ጉልበቷን ከሚቆረጥማት በቀር ደኅና ናት። ድንቹ ዘንድሮ አላሳፈረንም። ብርዱን አትጠይቂኝ፤ እንጅባራ እንጅባራ ነው።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ኔትወርኩ ሲመጣ ሰው ይከበኛል፣ ሰው ሲሄድ ኔትወርኩ አብሮ ይሄዳል። ደግሞም ይኼ እየጮሁ የሚያወሩት ነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍሁት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከስፌት መኪናው አንስተው የአርባ ሴቶች አለቃ እንዳደረጉሽ፣ ትናንት አብረውሽ ምሳ ይበሉ የነበሩት ዛሬ አንች ስትደርሽ ወሬያቸውን እንደሚያቋርጡ ጽፈሻል። «አባባ፣ ጥሩ አለቃ ምን ዓይነት ነው? ሥራውስ ምንድን ነው? እርስዎ ያውቁታል» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ይኼን የዛሬ ዓመት ጠይቀሽኝ ቢሆን በአንድ መስመር እመልስልሽ ነበር። አለቃ ማለት ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ፣ ከሁሉ ኋላ የሚወጣ፣ በመካከሉ የማይስቅ ሰው ነው እልሽ ነበር። አሁን ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። እናትሽ «ምነው ወረቀቱን ፈጀኸው፣ ለንጉሥ ነው እንዴ የምትጽፈው?» ትለኛለች። ለንጉሥ ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር። የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽና አንች ራስሽ ፍረጅ።

ከፋሲካ በኋላ የቀርከሃ ሠራተኞች ማኅበራችን አለቃ አድርጎ እንደመረጠኝ ሰምተሻል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለ ዲግሪ ሥራ አስኪያጅ ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ አሥራ አራታችን ተቀምጠን መከርን። «አያ አዝመራው ይሁኑ፤ እሳቸውን የማይፈራ የለም» ተባለ። እኔም ምስጋና መስሎኝ ተቀበልሁ።

ሰውየው መሳቢያው ውስጥ አንድ ደብተር ትቶ ሄዷል። የሥራ አስኪያጅ ተግባር አራት ነው ይላል፤ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር። እኔ እንደምታውቂው አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያቃናሁ ነው ፊደል የቆጠርሁት። ያልገባኝን ደጋግሜ ካነበብሁት ይገባኛል። ይኼን ግን ደጋግሜ አንብቤ የገባኝ የመጨረሻው ብቻ ነው። መቆጣጠር። እሱን ያዝሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የምንሠራበትን የሼዱን በር እቆልፋለሁ፤ የዘገየ ይመለሳል። መጋዙንም ቢላውንም የምሰጥ እኔ፣ የምቀበል እኔ። የተሠራውን ወንበር ሁሉ አንድ በአንድ እነቀንቃለሁ። የቀረውን ጊዜ ከሁሉ በላይ ራሴ እሠራለሁ፤ አለቃ በእጁ መበለጥ የለበትም ብዬ። ሼዱ ውስጥ ከመጋዝ ድምፅ በቀር ሌላ አይሰማም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። አክብረውኝ ነው እል ነበር።

ከመስቀል በኋላ ወደ ጥርባ በኩል፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው ስድሳ ወንበርና አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አዘዘን። ለኅዳር ማርያም ካልደረሰልኝ የፕላስቲክ ወንበር ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ አለ። ሌላ ሥራ በእጃችን የለም። ያ ሥራ ካመለጠን ማኅበሩ ሊበተን ነው፤ አሥራ አራት ቤተሰብ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ቀርከሃ የሚያቀርብልን ወገኔ የሚባል ሰው ነው፤ አገውኛውም አማርኛውም አፉ ላይ እኩል የሆነለት፣ በዕድሜ አቻዬ የሆነ ገበሬ። ቁረጥልኝ ስለው «ጨረቃዋ ሙሉ ናት፤ አሁን የተቆረጠ ይነቅዛል፤ እስክትጎድል ታገሠኝ» አለኝ። እኔም በሰው ፊት «ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ጨረቃ ናት እንዴ?» አልሁት። ሰው ሳቀ። ወገኔ አልሳቀም። «እሺ፣ ጨረቃን ንቀህ ነቀዝን እንዳታከብር» ብሎ ቆርጦ አመጣልኝ።

ሥራው ተጀመረ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ወንበሮቹን እየነቀነቅሁ ስዞር አንዱ ሲጢጥ አለ። ይኸነው የሚባል ወጣት አለ፤ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያጠፋል። ጠርቼ «ይኼ ወንበር ነው ወይስ ጠቦት? ሲነኩት ይጮሃል!» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ አያ» አለና ፈትቶ እንደገና ገጠመው። የቀሩት ቀና አላሉም።

ጥቂት ቆይቶ፣ ኅዳር እንደገባ፣ ከተደረደሩት ወንበሮች ሥር ነጭ ዱቄት አየሁ። መጀመሪያ ሰው ዱቄት የደፋ መሰለኝ። በጣቴ ነካ አድርጌ ሳየው ነቀዝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ወንበር ልጄ፣ አሥራ ዘጠኝ! «ይኼን ያየ የለም?» ብዬ ጮኽሁ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ሁሉም አይተዋል። ሳምንት ሙሉ እኔ ምሳ ስወጣ ዱቄቱን ሲጠርጉት ኖረዋል። የቆረጣውን ቀን የመረጥሁት እኔ ነኛ! ማን ደፍሮ ይንገረኝ?

ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ለእናትሽ ወገቤን ነው አልኋት። እውነቱን ለአንች ልንገርሽ፣ ወገቤን አልነበረም። ያለ እኔ ሼዱ ይዘጋል፣ መጥተው ይለምኑኛል ብዬ ጠበቅሁ። በአምስተኛው ቀን ከአባላቱ ደርበው ብቻ መጣ። አፉ እንደ መጋዝ ነው፣ ታውቂዋለሽ። «እግዜር ይማርዎ አያ፤ ግድ የለም፣ አይቸኩሉ» አለኝ። አይቸኩሉ ማለት ምን ማለት ነው? እስካሁን አልገባኝም።

በሰባተኛው ቀን ሄድሁ። አልገባሁም፤ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጬ አየሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የነቀዙት ወንበሮች ለብቻ ውጭ ተከምረዋል፤ አሥራ ሁለት አዲስ ወንበር ተሠርቷል። ሰዎቹ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እጃቸው ግን አይፈታም። አለቃቸው የትኛው እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ደርበውን ጠርቼ «ማን ነው የሚያዛችሁ?» አልሁት። «ማንም» አለኝ። «ያለ አዛዥ እንዴት ይሆናል?» ስለው «ሸጋ ትጠይቀናለች እንጅ አታዘንም» አለ።

ሸጋን አታውቂያትም። ከአዘና መጥታ እዚህ ያገባች፣ ቀርከሃ የምትፍቅ ዝምተኛ ሴት ናት። አንድ ጠዋት የታመመ ልጇን ጤና ጣቢያ አድርሳ ስትመጣ በሩን ቆልፌ መልሻታለሁ፤ ያንንም አልረሳሁት። ሁለት ሦስት ቀን እየተመላለስሁ ተቀምጬ አየኋት። ጠዋት ጠዋት ከሰው ሰው እየሄደች «ዛሬ ምን ጎደለህ? አንችስ ምን ያዘሽ?» ትላለች። እጁን የቆረጠውን ሰው ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ወደሚለሰልስበት አዛወረችው። ይኸነውን ከጉንጎና አውጥታ የወንበር እግር እንዲቆርጥ አደረገችው፤ ጉንጎናው ጠማማ ነው፣ እግሩ ግን እንደ ተሰመረ ነው። እኔ በስድስት ወር ይኼን አላየሁም። ደርበው እንደ ነገረኝ፣ ወገኔ ቤት ድረስ ሄዳ በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቃለች። በእኔ ስም! ጨረቃዋ ስትጎድል ጥሩ ቀርከሃ ቆርጦ ሰጣቸው። ለባለ ማረፊያውም ደውላ ነቀዝ ገብቶብናል ብላ እውነቱን ነግራ አሥር ቀን አስጨመረች። እኔ እኮ ቀን ጨምርልኝ ማለት ውርደት መስሎኝ አፌን ይዤ ነበር።

አስጠርቼ «ይኼ ሁሉ የማን ትእዛዝ ነው?» አልኋት። «ትእዛዝ አይደለም አያ፤ የጎደለውን ሲነግሩኝ ማሟላት ነው» አለች። «ለምን ለእኔ አይነግሩኝም?» አልሁ። እንዲህ አለችኝ፦ «ያ ሲጢጥ ያለው ወንበር፣ ይኸነውን የተቆጡበት፣ የእርስዎ እጅ ሥራ ነበር። በዋዜማው የሠሩት እርስዎ ነዎት። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር።»

ልጄ፣ ከተወለድሁ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብኝም። የራሴን ጥፋት ልጁ ተሸክሞ «አጥፍቻለሁ» አለኝ። ብቆጣ በማን ልቆጣ? ባመሰግን ማንን ላመስግን? ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥሁ።

እሑድ ኅዳር 14 ቀን ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ ጠራሁ። ተነሣሁና «በሩን የምቆልፍ እኔ፣ ሥራውን የምታስኬድ ሸጋ፤ አለቃው ማን ነው? ንገሩኝ» አልሁ። ዝም። «ፊት ለፊት ተናገሩ፣ አልቆጣም» አልሁ። ዝም። «አልቆጣም አልሁ እኮ!» ስል ደርበው «አያ፣ አልቆጣም የሚሉት ራሱ ቁጣ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቅ ለቀቀ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። «እኔ ልውጣ፤ ተነጋግራችሁ ጥሩኝ» ብዬ ወጣሁ። ልጅ ሊጠይቅ እንደ ሄደ ሽማግሌ ደጅ ቆምሁ። አንድ ባለባጃጅ «አባት፣ ላድርስዎት?» አለኝ። «የትም አልሄድም» አልሁት። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራሉ፤ አንዱ የአንዱን ይነጥቃል። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ይኸነው ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ አብረን ስንሠራ አልሰማሁትም።

ጠሩኝና ገባሁ። ሥራ አስኪያጅ ሸጋ ትሁን ብለዋል። ስለ እኔ የተወሰነውን የሚነግረኝ ጠፍቶ ተገፋፉ፤ በመጨረሻ ደርበው ተነሣ። «መጋጠሚያ የሚያይ ዓይን እንደ እርስዎ ያለው የለም። ከዚህ የሚወጣ ወንበር ሁሉ በእርስዎ እጅ ይለፍ። ብቻ አያ፣ ወንበሩን ይነቅንቁ፣ ሰውየውን አይነቅንቁ» አለኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለቴ ለእኔም ገረመኝ። ወደ ቤት ስሄድ ንዴት ይመጣብኛል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ትከሻዬ ቀለለኝ። ሰው ከሹመቱ ሲወርድ ይቀለዋል እንዴ? ለእናትሽ ብነግራት «ለእኔም ቀሎኛል» አለችኝ።

ረቡዕ ታኅሣሥ 1 ቀን ስድሳውም ወንበር፣ አሥራ ሁለቱም ጠረጴዛ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ከመጫኑ በፊት እኔ ሰባቱን እንዲታረሙ መልሻለሁ፤ ሸጋ አንዱንም ይለፍ አላለችኝም። ባለ ማረፊያው እየገለበጠ አይቶ እንከን አጣበት፤ ለጥርም ሌላ አዘዘን። ማኅበሩ ተረፈ። አሁን የማይገባኝ ይኼ ነው፤ የተረፈው በእሷ መጠየቅ ነው ወይስ በእኔ መመለስ? ደርበው «በሁለታችሁም» ይለኛል። ሁለታችሁም የሚባል መልስ አልወድም። የጨረቃውንም ነገር ቢሆን አሁንም አላመንሁም፤ ቀርከሃው ለጋ ሆኖ ይሆናል። ወገኔ ግን ሲያየኝ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል።

እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ለአንች የሚሆነውን ልምረጥ ብል እጄ ላይ የቀረው ትንሽ ነው። ሴቶቹ አንች ስትደርሽ ዝም ካሉ፣ እኔ እንደ ተደሰትሁት አትደሰች። ምን እንደ ጎደላቸው ጠይቂያቸው። የጎደላቸው አንች ራስሽ ያጎደልሽው ሆኖ ሲገኝ አትቆጭ። እንዴት አለመቆጣት እንደሚቻል ግን አላውቅም፤ በሰባ አንድ ዓመቴ ገና እየሞከርሁ ነው። አንች ወጣት ነሽና ቀድመሽኝ ታውቂው ይሆናል። ካወቅሽው ጻፊልኝ፤ ከልጄ መማር አላፍርም።

ምንይችልን ወገብህን በጨው ውሃ ታሸ በይው። ለዮርዳኖስ አያትሽ ጽሑፍሽን ማየት ይፈልጋል በያት፤ በሚመጣው ደብዳቤ ግርጌ እሷም ሁለት መስመር ትጻፍ፣ ፊደሏን አርሜ እመልስላታለሁ፤ ሳልቆጣ። ሃናን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እናትሽ ወርቅአየሁ እያለቀሰች ሰላም ብላሻለች፤ ለምን እንደምታለቅስ ብጠይቃት «ደብዳቤ ስለሆነ ነው» አለችኝ። ሸጋም ሳታውቂያት ሰላም ብላሻለች።

የሚወድሽ አባትሽ
አዝመራው

እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.