በጥቁሩ ደሴት የሰማሁት

ኅዳር 28

ዛሬም ውኃ ብቻ። ሸራው ድንገት ሲወጠር መርከቧ አጋድላ ወጡ በሙሉ ወለሉ ላይ ተደፋ። የመርከቧ ምግብ አብሳይ እኔ ነኝና ደግሜ ሠራሁ። ማንም አላገዘኝም፤ መካኒኩ ይታያል ብቻ ከሞተር ክፍሉ ወጥቶ ጠረገልኝ። የቢቸና ልጅ ነው። ከዚህ ሁሉ ፈረንጅ መሀል አማርኛ የማወራው ከእሱ ጋር ብቻ። ሰሞኑን ግን ምን ሆኗል? ስቀልድበት ፈገግ ይልና ፊቱን ያዞራል።

ነገ ደሴት እንደርሳለን አሉ። ሞጣ ቤታችን እደውላለሁ። አባዬን ሳላናገር አልመለስም። ባለፈው ወደብ ስደውል "ተኝቷል" አሉኝ። በቀን የሚተኛ ሰው ነው እንዴ? ዕድሜውን በሙሉ ቢቸናና ሞጣ መሀል አይሱዙ የነዳ ሰው... አሞት ይሆን? ካመመው ለምን አይነግሩኝም?

ኅዳር 29

ደረስን። ደሴት አይሉት፣ የተቃጠለ ድንጋይ ክምር። ወደቡ ላይ ኔትወርክ የለም፤ ተራራው ላይ አለ ተባለ። ይታያል መኪና ተከራይቶ መጣ። "ነይ እስቲ አገሬ፣ ዞር ዞር እንበል።" ሻይ እንኳ ጋብዞ የማያውቅ ሰው፣ መኪና! ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኟ።

እኔ ነዳሁ። እሱ ዳገት ይፈራል። መንገዱ አባዬ ከሚነዳበት ከጉንደ ወይን ጥርጊያ ይብሳል፤ አንድ ዛፍ የለም። እሳተ ገሞራው አፍ አጠገብ ስንደርስ ድኝ ይሸታል፣ መሬቱ ጫማ ውስጥ ድረስ ይሞቃል። ይታያል "እዚህ ቁሚ ፎቶ ላንሳሽ"፣ "በዚያኛው በኩል ደግሞ እንየው" ይላል። ቀኑ እንዲያልቅ የፈለገ አይመስልም።

ኔትወርክ ሲመጣ ደወልኩ። ወንድሜ ስጦታው አነሳ።

"አባዬን አገናኘኝ።"

"አሁን እንኳ... ቤተ ክርስቲያን ሄዷል።"

"የራሱ ስልክስ?"

"ተበላሽቷል። ነገ ደውዪ በቃ።" ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እየተሳደብኩ ቁልቁል ስነዳ የይታያል ስልክ ጠራ። መዝሙር ልንሰማ ከመኪናው ራዲዮ ጋር አያይዞት ነበር። እሱ ኪሱን ሲዳብስ፣ ላግዘው ብዬ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫንኳት። የእናቱ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

"ልጄ፣ ልጅቱን አረዳሃት ወይስ ገና ነህ? የአባቷ ዐርባ እኮ ደረሰ።"

ፍሬን ያዝኩ።

"መቼ?" አልኩት።

"ጥቅምት መጨረሻ አረፉ። እናቴ ሞጣ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ባለፈው ወደብ ነው ቤተሰቦችሽ የነገሩኝ። ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ባሕር ላይ እንዳትሰማ ብለው አደራ አሉኝ... ዛሬ ልነግርሽ ነበር። አቃተኝ።"

ሳምንታት ሙሉ! ሳምንታት ሙሉ እጄን እያየ፣ ያበሰልኩትን እየበላ! ውረድ አልኩት። ወረደ። ጥዬው ሄድኩ።

ኅዳር 30

አላለቀስኩም። ንዴቱ እንባዬን ዘጋው።

ማን ፈቀደላቸው? አባቴ እኮ ነው! እነሱ ጥቁር ለብሰው "ደህና ነን" ይሉኛል፣ እኔ እዚህ እያንጎራጎርኩ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሁሉም ያውቃል። ሞጣ ያውቃል፣ ቢቸና ያውቃል። የማላውቀው እኔ ልጁ ብቻ።

ይታያል በእግሩ ወርዶ ትናንት ማታ ገባ። እግሩ ቆስሏል። ይበለው።

ታኅሣሥ 1

መኪናውን ሳንመልስ ተራራው ላይ ወጥቼ እማዬ ጋ ልደውል ብዬ በጠዋት ተነሳሁ። ሞተር ሳስነሳ ይታያል የኋላውን በር ከፍቶ ገባ።

"ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ ምቺኝ። ብቻሽን ግን አትሄጂም።"

ማርሽ አስገባሁ። እስከ ላይ ድረስ ነዳሁት።

እማዬን የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እንደ ባዳ ቆጠራችሁኝ ወይ፣ ልላት። ስደውልላት ወዲያው አነሳች።

"አገሬ፣ ልጄ፣ ደህና ነሽ? አባትሽማ ደህና ነው፣ አሁን ገና ጋደም አለ..."

ድምፅዋ። እስከ ዛሬ እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ? ከሥሩ ልቅሶ አለ።

"እማዬ፣ የት ቀበራችሁት?"

 

"አጠገብሽ ሰው አለ?" አለችኝ። ማን ነገረሽ አላለችም። ያንን ብቻ ጠየቀችኝ።

ዞር አልኩ። መኪናው ጋ ቆሟል፣ ልቅረብ አልቅረብ እያለ።

"አለ" አልኳት። "ይታያል አለ።"

"ተመስገን" አለችና ልቅሶውን ለቀቀችው። ስንት ጊዜ ደውዬላት፣ ስንት ጊዜ ውጣው ኖሯል። አባዬን በስሙ እየጠራች... ይታያልን ጠራሁት።

አሁንም ይቅር አላልኩትም። እነሱንም። ግን ስልኩን መሀላችን አስቀምጠን ሦስታችንም አለቀስን።