ግቡን የሻሩት ዳኛ፣ የአቶ ሮድኒ ላምፒ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሮድኒ ላምፒ ከአባታቸው ከመዳብ ቆፋሪው ከአቶ ኡርሆ ላምፒ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሔልሚ ሳሪ፣ በሰሜን ሚቺጋን በትልቁ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በአልደር ቤይ ከተማችን፣ በ1948 ጥር ወር ተወለዱ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሐኪም መምጣት ስላልቻለ የተወለዱት ጓሯችን ውስጥ በነበረው ሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ነው። ከሦስት ልጆች የበኩር ልጅ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ዴል ሲሆኑ፣ የመጨረሻዋ ይህን የማነብላችሁ እህታቸው አይሊ ነኝ።

በእንዲህ ያለ ቀን ደግ ደጉን ብቻ ማንበብ የተለመደ ነው። ፓስተራችንም እንዲያ እንዳደርግ መክረውኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ አልቻልኩም። ሁለቱ ወንድሞቼ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረው አንዱ ሞተ። ሌላው ደግሞ የወንድሙን ሬሳ አልሸከምም ብሎኛል። ይህን የጻፍኩት ያንን ቃሉን እንዲያጥፍልኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አቶ ሮድኒ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን አጠናቀቁ። ክረምት ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚውለው በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ሆኪ ሲጫወት ነበር። አቶ ሮድኒ እንደ ዴል ፈጣን አልነበሩም፤ ነገር ግን ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር ሁለቱም ወገን “ሮድ ይበል!” ይሉ ነበር። ዴል ሲያጭበረብር ወንድሜ ነው ብለው አያልፉትም። ዴልም “አንተ ከሃዲ! እናቴ ወንድም የወለደችልኝ መስሎኝ!” እያለ በረዶ ይወረውርባቸው ነበር። ሲመሽ ግን በአንድ ብርድ ልብስ ነው የሚተኙት።

ውትድርናቸውን ፈጽመው እንደተመለሱ በአውራጃው መንገድ ሥራ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ሆነው ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸውም በዚያው ሠሩ። በ1973 ከወይዘሮ ማርሊስ ጋር በዚችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ክሪስቲንንና ጆዲን ወለዱ። አቶ ዴልም በከተማችን ኮሌጅ የሆኪ አዳራሽ በረዶውን የሚያለሰልሰውን ማሽን መንዳት ጀመሩ። አንዱ ከመንገድ በረዶ ሲያነሳ፣ አንዱ በአዳራሽ በረዶ ሲያስተካክል፣ “የላምፒ ልጆች ከበረዶ ሌላ አያውቁም” ይባልልን ነበር።

አቶ ሮድኒ በ1976 የዳኝነት ፈቃድ አግኝተው ለአሥራ ስምንት ዓመታት በኮሌጆች ውድድር ዳኙ። ደጋፊው ይሰድባቸዋል፤ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ነው የሚገቡት። በእኛ ኮሌጅ ጨዋታ ግን ገብተው አያውቁም። የአቶ ዴል አንድያ ልጅ ኩርት ለኮሌጁ ይጫወት ነበርና፣ ዳኛ የሥጋ ዘመዱ ባለበት አይዳኝም።

በ1994 መጋቢት የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ወሳኝ ጨዋታ እዚህ ተደረገ። ለኩርት የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። በዚያ ቀን የጣለው በረዶ ለጉድ ነው፤ የተመደበው ዋና ዳኛ መኪናው መንገድ ላይ ተቀበረችና ቀረ። አቶ ሮድኒ መንገድ ሲጠርጉ ውለው እንደ አጎት ሊያዩ መጥተው ከእኔ ጎን ተቀምጠዋል። ጨዋታው ይሰረዛል ሲባል ወደ እኛ የመጣው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ዴል ነው። “ሁለቱም አሠልጣኞች ተስማምተዋል። ተነስ፣ የዳኝነት ልብስህ መኪናህ ውስጥ አለ አይደል?” አላቸው። “ዴል፣ ተው። ልጅህ እኮ ነው የሚጫወተው” አሉት። “ለዚህ ነው የምለምንህ! ልጁ ሳይጫወት ሊጨርስ ነው እኮ። ከአንተ ሌላ ማን አለ?” አለ። አቶ ሮድኒም እምቢ ማለት አቃታቸውና ገቡ።

ሕጉን የማታውቁ ካላችሁ፣ ነገሩ አጭር ነው። አጥቂ በራሱ ሄዶ በረኛውን ካደናቀፈ የገባው ግብ ይሻራል። ተከላካይ ገፍቶት በረኛው ላይ ከወደቀ ግን ግቡ ይጸናል። ቤታችንን ያፈረሰችው ይህች ናት።

በተጨማሪው ሰዓት ኩርት በሆኪ እንደ ኳስ የምታገለግለውን ጥቁር ጎማ በዱላው እየገፋ ወደ ግቡ ገሰገሰ። በረኛው ላይ ተጋጭቶ ሁለቱም ሲወድቁ ጎማዋ መረቡ ውስጥ ገባች። ሕዝቡ ብድግ አለ። ዴል የበረዶ ማለስለሻው ማሽን ከሚገባበት በር ሥር ሲዘል አየሁት። አቶ ሮድኒ ግን ፊሽካቸውን ነፍተው ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ግቡ ተሻረ። ብዙም ሳይቆይ እንግዳው ቡድን አግብቶ ጨዋታው አለቀ።

ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ እዚህም አላችሁና አልዋሽባችሁም። “ስንት ከፈሉህ?” አላችኋቸው። “የወንድምህን ልጅ ሸጥክ!” አላችኋቸው። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት “ሮድ፣ አንተ መንገድህን ጥረግ!” ስትል ሰው ሳቀ። ትኩስ ቡና ከነኩባያው ፊታቸው ላይ ወረደ። ዳኞች የሚወጡት በማሽኑ በር ነው፤ የበሩ ቁልፍ ደግሞ ዴል እጅ ነበር። ዴል በመስታወቱ በኩል ወንድሙን እያየ ቆመ እንጂ አልከፈተም። ፖሊስ መጥቶ በሌላ በር እስኪያወጣቸው ድረስ አቶ ሮድኒ በረዶው መሀል እንደ ወንጀለኛ ቆመው ቀሩ። እሳቸው ይህን ለማንም አውርተው አያውቁም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

በሳምንቱ የቴሌቪዥን ጣቢያው የቀረጸውን ካሴት አምጥተው እኔ ቤት አዩት። “ደግመሽ አጫውቺው” አሉኝ። ደግሜ አጫወትኩት። የእንግዳው ቡድን ተከላካይ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ኩርትን ከጀርባው ሲገፋው ፍንትው ብሎ ይታያል። አቶ ሮድኒ ከቆሙበት ቦታ የኩርት ገላ ጋርዷቸው ነበር። ከኋላ የነበረውን ረዳታቸውን መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ አልጠየቁም። “አይሊ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን እጠይቅ ነበር። ኩርት ስለሆነ ፈራሁ። ለዘመዱ አደላ እንዳይሉኝ ቸኮልኩ” ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው።

ዕለቱን ወደ ዴል ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከትያቸው ነበር። በረንዳው ላይ ቆመው ቆባቸውን አውልቀው “ዴል፣ ተሳስቻለሁ። ልጅህ ተገፍቶ ነው። ግቡ ግብ ነበር” አሉ። ሽማግሌ አልላኩ፣ ምክንያት አልደረደሩ። ዴል ምን አለ? “ለሕጉ ብለህ የወንድምህን ልጅ ብትጥል እችለው ነበር። አንተ ግን ሕጉንም አልያዝክ፣ ልጁንም አልያዝክ” ብሎ በሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም። አቶ ሮድኒ ለሊጉ ስሕተታቸውን አሳውቀው ዳኝነቱን በገዛ ፈቃዳቸው ተዉ፤ ፊሽካ በእጃቸው አልነኩም። የዴልን ቤት መግቢያ ግን በየክረምቱ ጎህ ሳይቀድ ይጠርጉለት ነበር። ዴል ያውቃል። ማን እንደሚጠርግለት ጠይቆ አያውቅም።

ባለፈው መኸር በአቶ ሮድኒ ቆሽት ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞቹ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገሩን። እኔ ያላደረግኩት የለም። ዴልን ቤቱ ሄጄ ለመንኩት፤ አዳራሹ ድረስ ሄጄ ለመንኩት፤ ፓስተሩን ላክሁ። በሕይወት እያለ ካልያዝከው ሬሳውን ልትይዝ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። “አይሊ፣ አታድክሚኝ” ነው መልሱ። ሆስፒታል የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር አቶ ሮድኒ አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። ነርሷ ስትሆን መልሰው ይተኛሉ። እኔም “መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል” እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ለጠረጉ ሰው ይህን ማለት! አንድ ቀን “ተይው፣ መንገዱማ ክፍት ነው” አሉኝ። የካቲት 9 ቀን 2023 በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ዴል አልመጣም።

አቶ ሮድኒ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርሊስን፣ ልጆቻቸውን ክሪስቲንንና ጆዲን፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እህታቸውን አይሊን፣ የወንድማቸውን ልጅ ኩርትን፣ እና ወንድማቸውን ዴልን ትተው ነው የሄዱት። ኩርት ከሞንታና ድረስ እየነዳ መጥቷል፤ ከተሸካሚዎቹም አንዱ እሱ ነው። ስለዚያ ጨዋታ ስጠይቀው “አክስቴ፣ እኔ እኮ ከተውኩት ስንት ዘመኔ! እስካሁን የሚጫወተው አባቴ ነው” አለኝ። መሬቱ በውርጭ ጠጥሮ ስለማይቆፈር ሬሳው ዛሬ ወደ መቃብሩ ማቆያ ቤት ይገባል፤ ግንቦት ላይ አፈሩ ሲላላ ይቀበራል።

ዴል፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ላንተ ነው የማነበው። ካፖርትህን ሳታወልቅ በሩ ጋ ቆመሃል፤ አይቼሃለሁ። ስምህ በዚህ ወረቀት ጀርባ ከተሸካሚዎቹ ጋር ታትሟል። ሳልጠይቅህ ያሳተምኩት እኔ ነኝ፣ ብትቆጣ ተቆጣ። ሳጥኑን የሚሸከመው ስድስት ሰው ነው፤ አምስት አለን። ብዙ ሰው በቦታህ ልግባ ብሎኛል፤ እምቢ ብያለሁ። አንተ ካልመጣህ እኔ ነኝ የምገባው። ዳሌዬ በብረት የተጠገነ እንደሆነ ታውቃለህ፤ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ዛሬ በበረዶ ምን እንደሚመስልም ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። ግን ሌላ ወንድም የለኝም፤ የሚሸከመውን ወንድም ከየት ላምጣ? ሁለታችሁንም ያዘለች እናታችን ብትኖር አንተን ጎትታ ታመጣህ ነበር። እኔ አቅም የለኝም። ልመና ብቻ ነው ያለኝ።

እግዚአብሔር የሞተውን ወንድማችንን ይማርልን። የቀረነውንም ሳንሞት ያስታርቀን። አሜን።