የምሳ ሰዓት ስም ጥሪ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ። እንደምን ሰነበትህ? ሳሉ ተወህ ወይ? ብርዱስ እንዴት ያደርግሃል? ከአባባ ፊት እንደማይብስ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ ይህ ደህና ከተባለ።

ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ ብለህ ለጠየቅኸኝ መልስ አጥቼ ከርሜ ነበር። ዛሬ እማዬ መለሰችልህ።

አባባ ከጦሩ በኮሎኔልነት ጡረታ ወጥተው እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ ጦሩንም ይዘውት ገቡ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ስም ይጠራሉ። ለቀረ ልጅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ከድቷል» ይላል፤ የከዳን ያናገረ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ቤትም ያው ነው። አንተ ካስገቡህ የጦር ትምህርት ቤት ከጠፋህ ወዲህ ምሳ ሳይቀመስ ስምህ ይጠራል፤ «ከድቷል» የምትለው እማዬ ናት። እንባዋን ዋጥ አድርጋ በቀስታ ስትል፣ አባባ «ድምፅ!» ይላሉ፤ ትደግመዋለች። ሳህንህ እንደተደፋ ይውላል።

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ኩፍኝ ይዟት ቀርታ ስትመለስ ማንም እንዳያናግራት ታዘዘ። ጓደኛዋ እርሳስ አዋሰቻት። አባባ ጓደኛዋን ፀሐይ ላይ አቆሟት፤ ራሷን ስታ በፊቷ ተደፋች፣ የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። እሳቸው ከበላይዋ ቆመው ተነሺ፣ ሰልፉን አታበላሺ አሏት። ወላጅ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ዛሬ ጠዋት የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች የቢሮውን ቁልፍ ተቀብለው አባባን አሰናበቷቸው።

ወሬውን ይዤ ቀድሜያቸው ቤት ገባሁ። አባባ ዘገዩ፤ ለምሳ ዘግይተው አያውቁም። እማዬ ምግቡን አቀረበችና ቀጥ ብላ ቆማ ስም ትጠራ ጀመር። እኔም ትንሿ እህታችንም አለን አልን። አንተን ስትጠራ ራሷ «አለ» አለችና ሳህንህን ቀና አደረገችው። ቀጥላ «ኮሎኔል» ብላ ጠራች። እኔና ትንሿ ተያየን።

«ድምፅ!» አለች።

«ከድተዋል» አልን።

ሄዳ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ብዙም ሳይቆዩ መጡ፤ በሩን ገፋ አድርገው ሞከሩት፣ ግን አላንኳኩም። ሻንጣቸውን እንደያዙ ፀሐዩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ትንሿ ውሃ ልስጣቸው ብላ ለመነች። እማዬም «የከዳን ያናገረ አብሮት ይቆማል» አለቻትና ምግብ ጨመረችላት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ማዘን ነበረብኝ፤ ምሳው ግን ጣፈጠኝ።

እንግዲህ ና። እማዬ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ ትልሃለች። ትንሿም እያለቀሰች ሰላም ብላሃለች። የአባባን ሰላምታ አላደርስህም፤ ይኸው በመስኮቱ እያየኋቸው ነው፣ ማናገር ግን ክልክል ነው።

እህትህ
ከመመገቢያ ክፍሉ መስኮት አጠገብ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን